ከያሁ የሚጻፈው መልእክት ጂሜይል ላይ እየተመለሰ፣ አባላትም ከሊስቱ እየታገዱብን ነው

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የተከፈተ ሜይሊንግ ሊስት (አንዱ የጻፈው ለአባላቱ ሁሉ የሚሠራጭበት የኢሜይል ዝርዝር) አለን። አባላቱ 640 ናቸው፤ ወደ 500 ያህሉ ጂሜይል፣ ወደ 70ው ያሁ፣ የቀሩት የመሥሪያ ቤት አድራሻ ይጠቀማሉ። ሰርቨሩ ውጭ አገር የተከራየ ቪፒኤስ (ምናባዊ ሰርቨር) ነው። ሊስቱን የሚያስተዳድረው ሜልማን 3 በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው አጥሮ በሚያስኬደው) ይሠራል፤ ኢሜይል ላኪው ፖስትፊክስና የሚወጣው ላይ ዲጂታል ፊርማ የሚያኖረው ኦፕንዲኪም ዋናው ማሽን ላይ ናቸው።

ያሁ ያለው ሰው ሲጽፍ ጂሜይል በ550 5.7.26 (የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም በሚል ኮድ) ይመልሰዋል። የጻፈው ሰው ግን ምንም ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። ጂሜይል ያለው ሲጽፍ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ይባስ ብሎ ባለፉት ሦስት ሳምንታት አድራሻቸው ደህና የሆነ ከ400 በላይ የጂሜይል አባላት «በባውንስ ታግዷል» (መልእክት ስለተመለሰባቸው ማለት ነው) ተብለው መልእክት መቀበል አቆሙ። ከጂሜይል ተጠቃሚዎች ምንም ያልነካቸው መልእክቱን በዳይጀስት፣ ማለትም በቀን አንዴ በጥቅል የሚቀበሉት ናቸው። ይኼ ነው ግራ የገባኝ።

ኤስፒኤፍ (ሰርቨሩ በዶሜይኑ ስም እንዲልክ መፈቀዱን የሚያጣራው) በሁሉም ላይ «ፓስ»፣ ማለትም አልፏል ይላል። ርዕሱ ላይ በቅንፍ «ደሴ-ጤና» ይለጠፋል፤ ከሥር ደግሞ የአማርኛ ግርጌ አለ። ኤስፒኤፍ ካለፈ ጂሜይል ምን ጎድሎት ነው የሚመልሰው? ከየት ልጀምር?

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ የሚስተካከል ነው። ግን ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የሊስቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የባውንስ ቆጠራውን ዛሬውኑ አጥፋው። ሜልማን በነባሪው ለአንድ አባል በቀን ቢበዛ 1 ነጥብ ይይዝበታል፤ 5 ሲሞላ ያግደዋል። ነጥቡ የሚሰረዘው 7 ቀን ያለ አዲስ ባውንስ ካለፈ ነው። ስለዚህ የያሁ አባላት በአምስት የተለያዩ ቀናት ከጻፉ፣ በመሃሉም ሳምንት የሞላ ክፍተት ከሌለ፣ ጂሜይል ያለው ሁሉ 5 ይሞላበታል። ሰዎቹ ባልበሉት ዕዳ ነው የሚከፍሉት። የጻፈው ሌላ፣ ፊርማውን ያበላሸው የእኛው ሰርቨር፣ የታገደው ተቀባዩ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። አንድ ኢሜይል ሁለት ላኪ አለው። አንዱ ፖስታው ላይ የተጻፈው የመመለሻ አድራሻ ነው፤ ሌላው ውስጥ ደብዳቤው ላይ አንባቢ የሚያየው «ፍሮም» ነው። ኤስፒኤፍ የሚያየው ፖስታውን ብቻ ነው። ሊስቱ መልእክቱን ሲያሠራጭ ፖስታው ላይ የራሱን የባውንስ አድራሻ ስለሚጽፍ «ፓስ» ማለቱ ልክ ነው፤ የተፈተነው ግን የእናንተ ዶሜይን እንጂ ያሁ አይደለም። ለጸሐፊው ማስጠንቀቂያ የማይደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተመላሹ የሚሄደው ፖስታው ላይ ወዳለው አድራሻ ነው።

ዲማርክ («ፍሮም» ላይ ያለው ዶሜይን እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራው ደንብ) ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ከኤስፒኤፍ ወይም ከዲኪም (የላኪው ዶሜይን መልእክቱ ላይ ከሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ) አንዱ ማለፍ አለበት፤ ያለፈውም ዶሜይን «ፍሮም» ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። በያሁ የጻፈው ሰው መልእክት ኤስፒኤፉ በእናንተ ዶሜይን አለፈ፣ ከያሁ ጋር አይገጥምም። የያሁ የዲኪም ፊርማ ደግሞ ርዕሱ ላይ ቅንፍ ስትለጥፉና ግርጌ ስትጨምሩ ፈረሰ። ሁለቱም ወደቁ። ያሁ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ በዲማርክ መዝገቡ «ያላለፈውን መልሱት» ብሎ ስላወጀ ጂሜይል ያንን ይፈጽማል። ያን ሰሞን የዓለም ሜይሊንግ ሊስቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የተናወጡት በዚህ ነው፤ ኤኦኤልም በዚያው ወር ተከተለ።

ዳይጀስቱ ያልተነካው «ፍሮም» ላይ የሊስቱ የራሱ አድራሻ ስላለበት ነው። መፍትሔውም እዚያው ላይ ነው ያለው። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲማርክ ሚቲጌሽንስ» የሚለውን ክፈትና «ሪፕሌስ ፍሮም ዊዝ ሊስት አድሬስ» የሚለውን ምረጥ። ከዚያ ወዲህ «ፍሮም» ላይ የጸሐፊው ስም ከሊስቱ አድራሻ ጋር ይወጣል፤ የራሱ አድራሻ ወደ «ሪፕላይ-ቱ» ይዛወራል።

ከሥሩ ያለውን «አንኮንዲሽናሊ» የሚለውንም «የስ» አድርገው። ካላደረግኸው ሜልማን የሚለውጠው የላኪው ዶሜይን «መልሱ» ወይም «ስፓም ውስጥ ክተቱ» ብሎ ሲያውጅ ብቻ ነው። ጂሜይል በመዝገቡ እንዲህ አላወጀም። ነገር ግን ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሚሠራበት የላኪዎች መመሪያ «ፍሮም» ላይ የጂሜይልን አድራሻ አስመስሎ የሚልክን ወደ ስፓም እንደሚያስገባ ጽፏል። ከእናንተ ሰርቨር በጂሜይል ስም የሚወጣው መልእክት አንዳንዴ ስፓም ውስጥ የሚወድቀው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ሐይቅ_መንገድ (ደሴ)

ቦርከና የጻፈው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልከራከር። «ፍሮም» ሲለወጥ የሰዎች ስልክ የሊስቱን አድራሻ በዶክተሩ ስም መዝግቦ ያስቀምጠዋል። ነገ አንዱ ለዶክተሩ ብቻ የጻፈው የታካሚ ጉዳይ 640 ሰው ጋ ይደርሳል። ለጤና ባለሙያዎች ሊስት ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ የሊስቱ ስም ጎልቶ እንዲታይ አድርጉ፤ ለአባላቱም በአማርኛ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

«ቅንፉንና ግርጌውን ብቻ ባነሳስ?» የሚል ካለ፣ በመርህ ደረጃ ይሠራል፤ ያልተነካ መልእክት ፊርማው ይተርፋል። ግን ሊስቱ አባሪ የሚቆርጥ ወይም ኤችቲኤምኤልን ወደ ተራ ጽሑፍ የሚቀይር ከሆነ ዋጋ የለውም። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። አንዱ የኢሜይል ፕሮግራም ያንን ኮትድ-ፕሪንተብል በሚባል ማሸጊያ 9 ምልክት አድርጎ ይልከዋል፤ ሌላው ቤዝ64 በሚባለው 4 ምልክት ያደርገዋል። ሜልማን ግርጌ ለመጨመር ጽሑፉን ፈትቶ እንደገና ሲያሽገው ብዙ ጊዜ ወደ ቤዝ64 ይቀይረዋል። ስክሪን ላይ አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ ዲኪም ግን የሚያሰላው የታሸገውን ባይት ስለሆነ ፊርማው ይወድቃል። «ሪላክስድ» የሚባለው አሠራርም ይቅር የሚለው የክፍተትና የመስመር ልዩነትን ብቻ ነው። ርዕሱም ያው ነው፤ አማርኛ ርዕስ ላይ ቅንፍ ሲጨመር ርዕሱ በሙሉ እንደገና ይታሸጋል።

ኤአርሲን የሚያነሳም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 አርኤፍሲ 8617 (የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ) ሆኖ ወጥቷል፤ ሊስቱ «እኔ ጋ ሲደርስ ፊርማው ደህና ነበር» ብሎ በራሱ ማኅተም ይመሰክራል። ምስክሩን ማመን አለማመን ግን የተቀባዩ ፈንታ ነው። ትንሽ ሊስት በእሱ ብቻ መተማመን የለበትም።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ። ባውንሱን አጠፋሁ፣ «ፍሮም»ን በሁሉም ላይ ቀየርኩ። ከያሁ የተላከ ሙከራ ጂሜይል ገባ። ጂሜይል ላይ ሦስቱን ነጥብ ነክቼ «ሾው ኦሪጅናል» ስል ኤስፒኤፍ «ፓስ»፣ ዲማርክ «ፓስ» ይላል፤ የዲኪም መስመር ግን ጭራሽ የለም። ኦፕንዲኪም እየሠራ ነው፤ ከዋናው ማሽን በእጅ የላክሁት ይፈረማል። ሌላም አለ፤ ኮምቦልቻ የመሥሪያ ቤት አድራሻቸውን ወደ ግል ጂሜይላቸው በራሱ እንዲያስተላልፍ ያደረጉ አባላት አሁንም ስፓም ውስጥ እያገኙት ነው።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ሁለቱም አንድ ችግር ነው። ኦፕንዲኪም በነባሪው የሚፈርመው ከ127.0.0.1 (ከራሱ ማሽን) ለሚመጣለት ብቻ ነው። ዶከር ውስጥ ያለው ሜልማን የሚመጣው ከሌላ አድራሻ ነው፤ የተለመደውን የዶከር ሜልማን አደረጃጀት ካልቀየርክ ኮሩ (የሜልማን ዋና ክፍል) 172.19.199.2 ላይ ነው። ኦፕንዲኪም ይኼን እንደ እንግዳ አይቶ ፊርማ ይመረምራል እንጂ አይፈርምም። ኮንፊጉ ውስጥ «ኢንተርናል ሆስትስ» የሚለው ፋይል ላይ 127.0.0.1ንና 172.19.199.0/24ን ጻፍና እንደገና አስነሳው። 127.0.0.1ን ብትዘለው ደግሞ አሁን የሚፈረመው ይቆማል፤ የራስህን ዝርዝር ስትሰጠው ነባሪው ይሰረዛልና።

በነገራችን ላይ ቀድሞም ቢሆን የያሁ ሰዎች መልእክት በእናንተ ስም አይፈረምም ነበር። ኦፕንዲኪም ቁልፍ የሚመርጠው «ፍሮም» ላይ ባለው ዶሜይን ነው፤ የያሁ ቁልፍ ደግሞ እናንተ ጋ የለም። አሁን «ፍሮም» የእናንተ ስለሆነ መንገዱ ክፍት ነው።

የኮምቦልቻዎቹ ጉዳይም በዚሁ ይፈታል። መልእክት ከመሥሪያ ቤት ሰርቨር ወደ ጂሜይል ሲተላለፍ ጂሜይል የሚያየው አይፒ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ኤስፒኤፍ ይወድቃል። ያልተነካ የዲኪም ፊርማ ግን ስንት ቦታ ቢተላለፍ አብሮ ይጓዛል። ኤስፒኤፍ ብቻውን አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቁልፉ 2048 ቢት ይሁን። የሕዝብ ቁልፉ 392 ምልክት ያህል ስለሚረዝም በዲኤንኤስ (በዶሜይኑ የኢንተርኔት መዝገብ) ውስጥ በአንድ የቲኤክስቲ (የጽሑፍ) ሐረግ አይገባም፤ የአንዱ ሐረግ ወሰን 255 ነው። ሁለት ቦታ ከፍለህ እያንዳንዱን በየራሱ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በአንድ መዝገብ ሥር አስገባው። አንዳንድ የዶሜይን ሻጮች ገጽ ራሱ ይከፍለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ጫፉን ይቆርጠዋል። ከለጠፍህ በኋላ የኦፕንዲኪምን የቁልፍ መፈተሻ አስሂደህ እርግጠኛ ሁን።

ሐይቅ_መንገድ (ደሴ)

የኤስፒኤፍ መዝገባችሁንም ክፈቱት። በአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ካለ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ ውጤቱ «ፐርምኤረር» (ቋሚ ስህተት) ነው። አንዱን ለሊስቱ፣ ሌላውን ለቢሮው ኢሜይል ለየብቻ ጨምሮ የሚረሳ ብዙ ነው። አዋህዷቸው። «ኢንክሉድ» (የሌላ ዶሜይንን የላኪ ዝርዝር ማካተቻ) ስትደራርቡም የዲኤንኤስ ጥያቄው ከ10 እንዳይበልጥ፤ አንዱ ኢንክሉድ በሆዱ ሌሎች ሦስት አራት ሊይዝ ይችላል።

ለራሳችሁ ዶሜይን ዲማርክ ስታወጡ በ«ኖን» (ምንም እርምጃ አይወሰድ) ጀምሩ፣ ሪፖርት መቀበያ አድራሻ ስጡ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሪፖርቱን አንብቡ። ሎግና ሪፖርት ስታመሳክሩ ሰዓቱን ልብ በሉ። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 06:00 የሚለው እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ባውንስ የጀመረበትን ሰዓት ከጸሐፊው ጋር ስታስተያዩ እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው።

የታገዱትን 400ዎቹን በአንድ ቀን አትመልሷቸው። መቶ መቶ እያደረጋችሁ በየሁለት ቀኑ መልሱ፤ ሎጉ ላይ በ421 የሚጀምር መልስ ከበዛ ጂሜይል «ቀስ በሉ» ማለቱ ነውና ቁጥሩን ያዙት። 421 ጊዜያዊ ነው፤ ፖስትፊክስ በነባሪው እስከ 5 ቀን እየደጋገመ ይሞክራል። ሁሉም ከተመለሱ በኋላ የባውንስ ቆጠራውን መልሳችሁ ክፈቱት። ተዘግቶ ከቀረ የሞቱ አድራሻዎች ይከማቻሉ፤ እሱም ስም ያበላሻል።

ስሌቱንም ከአሁኑ ያዙት። 500 የጂሜይል አባል ላይ በቀን 10 መልእክት ከተጻፈ 5,000 ሞላ። ጉግል ወደ ግል ጂሜይል በ24 ሰዓት 5,000 አካባቢ የሚልክን ዶሜይን ብዙ ላኪ ይለዋል፤ አንዴ ከተባለ ስያሜው አይነሳም። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም ግዴታ ይሆናሉ፤ በአንድ ንክኪ መውጫም ይጠየቃል። የስፓም አቤቱታ ደግሞ 0.3 ከመቶ መድረስ የለበትም። 500 ሰው ጋ ከደረሰ አንድ መልእክት ላይ ሁለት ሰው «ስፓም» ቢጫን 0.4 ከመቶ ነው። መውጣት ፈልጎ መንገዱ ያልታየው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ስፓም የሚጫነው፤ ስለዚህ ግርጌው ላይ የመውጫውን ሊንክ በግልጽ አማርኛ፣ ከሁሉ በላይ አድርጉት።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ዲኪም «ፓስ» አለ፣ የተላለፈላቸውም ኢንቦክስ ገባ አሉ። አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የቪፒኤስ ኪራይ በዶላር ስለሆነ ሰርቨሩን ደሴ ቢሮ እናምጣው የሚል ሐሳብ አለ። ይሆናል?

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ማሽኑን ማምጣት ይቻላል፤ በቀጥታ ከዚያ መላክ ግን አይሆንም። ተራ የቢሮ ኢንተርኔት አይፒው ይለዋወጣል። እንዲህ ያሉ አይፒዎች ብዙውን ጊዜ ስፓምሐውስ ፒቢኤል በሚባለው መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ መዝገቡ «ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል መምጣት የለበትም» የሚል እንጂ የጥፋት መዝገብ አይደለም። ጂሜይል በተጨማሪ አይፒው ወደ ስም፣ ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ እንዲያመለክት ይፈልጋል፤ ፒቲአሩ (ከአይፒ ወደ ስም የሚያመለክተው መዝገብ) ከሌለ 550 5.7.25 ነው መልሱ። ፒቲአርን የሚጽፍልህ የአይፒው ባለቤት እንጂ ዶሜይን የሸጠልህ ድርጅት አይደለም።

ካመጣችሁት ቋሚ አይፒና ፒቲአር በጽሑፍ ጠይቁ። ያ እስኪገኝ ሜልማኑ ቢሮ ሆኖ፣ መልእክቱ በፖርት 587 በኩል በአንድ የተከራየ ማስተላለፊያ ይውጣ፤ የማስተላለፊያው ኢንክሉድም ኤስፒኤፋችሁ ውስጥ ይግባ። መብራት ሲጠፋ የተላከላችሁ አይጠፋም፤ የላኪው ሰርቨር ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ ግን ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማስተካከሉን አረጋግጡ፤ የማሽኑ ባትሪ ደክሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሜልማን አዲሱን መልእክት በድሮ ቀን ያስቀምጠዋል፣ የጊዜ ገደብ ያላቸው ፊርማዎችም ይዛባሉ።