ግብር የመሰብሰብ ጨረታ፦ የተሸነፈ ይክሰስ ወይስ ይተው?

ጠበቃ፦ ማዘጋጃ ቤት ግብር የመሰብሰቡን ሥራ ለግል ድርጅት በጨረታ ሲሰጥ፣ የተሸነፈው ፍርድ ቤት ይሂድ ወይስ አርፎ ይቀመጥ? እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። ጣሊያንን ተመልከቱ። ሕጉ የአካባቢ ግብር የሚሰበስብ የግል ድርጅት 10 ሚሊዮን ዩሮ የተከፈለ ካፒታል ይኑረው ይል ነበር። ሥራው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን 10 ሚሊዮን! መንግሥት አብላጫውን ድርሻ የያዘባቸውን ግን አይነካም ነበር። ይህን የማያሟሉ ድርጅቶች እንደ ባራንዛቴ ያሉ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶችን ከሰሱ፣ ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰና በ2012 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ ከልክ ያለፈ ነው ተባለ። ዝም ቢሉ ኖሮ በሩ እንደተዘጋ ይቀር ነበር።

ሒሳብ ሹም፦ እሱስ ልክ ነው። ግን ከሳሹ ነባሩ ሰብሳቢ ሲሆንስ? ጨረታውን ይሸነፍና እግድ ያወጣል። ግብሩ መሰብሰቡ ስለማይቀር እግዱ እስኪነሳ ውሉ ይራዘምለታል፣ ኮሚሽኑንም ይበላል። ክሱን ቢረታም ባይረታም አተረፈ ማለት ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ግብር ከፋይ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ተጫራች ነው፣ ከፋዩስ? እኔን የሚያሳስበኝ ማን አሸነፈ ሳይሆን ያሸነፈው በምን ሒሳብ ነው የሚከፈለው የሚለው ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የአካባቢው አስተዳደር ግብር የሚመረምር የግል ድርጅት ቀጠረ፤ ክፍያው ካስገኘው ተጨማሪ ግብር በፐርሰንት ነበር። የከሰሰው የተሸነፈ ተጫራች አይደለም፣ ሲርስ የተባለው የመደብር ኩባንያ ነው፣ ያውም እንደ ግብር ከፋይ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. ውሉን ውድቅ አደረገው። መርማሪው ግብር ባበዛ ቁጥር ኪሱ የሚሞላ ከሆነ ምኑን ሚዛናዊ ሆነ? ፐርሰንቱን ደግሞ ተጫራቾች ሁሉ ይወዱታል፣ ስለዚህ መክሰስ የሚችሉት እነሱ ብቻ ከሆኑ እንዲህ ያለውን ውል የሚነካው የለም።

ጠበቃ፦ በዚህ ረታኸኝ፣ ከፋይም ይክሰስ። ሒሳብ ሹም፣ ላንተ ግን መፍትሔው ክሱን መከልከል ሳይሆን ጊዜውን ማሳጠር ነው። በአውሮፓ ኅብረት በትልልቅ ጨረታዎች አሸናፊው ከተነገረ በኋላ ውል ሳይፈረም ቢያንስ 10 ቀን ይጠበቃል። ቅሬታ ያለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ያቅርብ።

ሒሳብ ሹም፦ 10 ቀን እችላለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሩልኝ፦ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚሰበስበው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ይሁን እንጂ ነባሩ ድርጅት አይሁን። ያኔ ለማጓተት ብቻ የሚከስ ምን ያተርፋል?