ጀልባ ደጅ ላይ ክረምቱን እንዴት ይወጣል? (ቱሉ ዲምቱ)

የዋልካው ካፒቴን
ግንቦት 18

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ለአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ይገርማል፤ ሳትስቁ አንብቡልኝ። ብትስቁም ለምጄዋለሁ።

ጀልባ አለችኝ። ፋይበርግላስ ናት፤ ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር ያህል። ኋላዋ ላይ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። አምና ሚያዝያ ላይ ከአገር ከሚወጣ ሰው ከነተጎታቿ ገዛኋት። በጋውን ላንጋኖ ወስጃት ከልጆቼ ጋር ዓሣ እናጠምድባታለን። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አንይዝም፤ ግን ደስ ይላል።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ግቢዬ ውስጥ መጠለያ የለም። ቆርቆሮ ልሠራላት ብዬ ዋጋ ጠየቅኩና ዝም አልኩ።

የአምናውን ልንገራችሁ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ገዝቼ አለበስኳት። ዙሪያዋን በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኩና ለሥራ ጅማ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት እንደቆየሁ ዘበኛችን ደወሉ።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ ሞልታለች።»

«ምን ሞላት?»

«ውሃ ነዋ!»

በረዶ ጥሎ ላስቲኩን ወንፊት አድርጎታል። ስደርስ ውሃው መቀመጫዎቹን አልፏል። ባትሪው ሰጥሟል፤ የዋና ጃኬቶቹ ተንሳፍፈዋል፤ አንደኛው ጃኬት ላይ እንቁራሪት ተቀምጣ ታየኛለች። የቀኙ ጎማ ዋልካው ውስጥ እስከ ቸርኬው ገብቷል፤ በዚያ በኩል ያለው ባሌስትራ ተሰብሯል። ሐይቅ ላይ ሰጥማ የማታውቅ ጀልባ ደረቅ መሬት ላይ ሰጠመችብኝ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሽጣት» ነው የምትለው። እናቴ ደግሞ «ኖኅ እንኳን ጣራውን የሠራው ዝናቡ ሳይመጣ ነው» አለችኝ።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያገኘሁት ምክር ሁሉ የበረዶ አገር ሰው የጻፈው ነው። ሞተሩ ውስጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ጨምር፣ ሸራው ላይ የተከመረውን በመጥረጊያ አራግፍ ይላል። ይኼ እኔ ጋ ይሠራል? ሞተሩን ላውርደው ወይስ ይቆይ? የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን ቡሽ ልክፈተው ልዝጋው? ሰኔ ሳይገባ የምታውቁ ንገሩኝ።


ሚኒሶታ ነኝ
ግንቦት 18

ወንድሜ፣ እንቁራሪቷ በሳቅ ፈጀችኝ።

እኔ ያለሁት ሚኒሶታ ነው። አገሩ ሐይቅ በሐይቅ ስለሆነ ሰፈሬ ውስጥ ጀልባ የሌለው ይቆጠራል። የእኔም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ደጅ ታድራለች። ያነበብከው ምክር ለእኛ ልክ ነው፤ ላንተ ግን ግማሹ ትርፍ ነው። ጣጣው ከቋንቋችንም ይመጣል። እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም እኛ በረዶ ነው የምንለው። የእኔ በረዶ ጥጡ ነው፤ ያንተ ጠጠሩ። ሥራቸው አይገናኝም።

እዚህ የሚፈራው የውሃ መርጋት ነው። ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ሞተር ውስጥ የቀረች ውሃ ከረጋች ብረቱን ትሰነጥቀዋለች። ሞተራቸው ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ጀልባዎች ያንን ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ የሚጠጡት ለዚህ ነው። እንዳንተ ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ከቆመ ውሃውን ራሱ ያፈሳል። እዚህም ብዙ ሰው ምንም አይጨምርበትም። ለቱሉ ዲምቱ ፀረ በረዶ እንዳትገዛ፤ ገንዘብህን ለሸራ አስቀምጠው።

ባትሪውን አውጥተህ ቤት አስገባ። እኛ ጋ ባዶ ባትሪ ደጅ ካደረ ይረጋና ይሰነጠቃል። አንተ ጋ አይረጋም፤ ግን ባዶውን ሦስት ወር ከተቀመጠ ያው ይሞታል። በየወሩ ቻርጅ አድርገው፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው።

ከእኛ የምትወስደው አንድ ነገር ግን አለ። ሸራ ጀልባ ላይ አይነጠፍም፤ እንደ ጎጆ ጣራ ነው የሚሠራለት። መሐል ለመሐል ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ከፍ ያለ እንጨት ይሄዳል፤ ሸራው በግራና በቀኝ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ሸራ ጥጡንም ጠጠሩንም ዝናቡንም ይሰበስባል። ይረግባል፤ ሲረግብ የባሰ ይሰበስባል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ተሞኝቼ ጥር ላይ በሌሊት፣ በፒጃማና በቦቲ ጫማ፣ አካፋ ይዤ ወጥቻለሁ።


ጋሼ ኩሽኔታ
ግንቦት 19

ልጄ፣ እኔ ደብረ ዘይት ነኝ። ቢሾፍቱ በል ቢሉኝም አፌ አልለመደውም። ሠላሳ ዓመት የውሃ ፓምፕና የጀልባ ሞተር ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ። ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ስሕተት ካለ የእሷ ነው።

መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ጀልባህ 5 በ2 ከሆነች 10 ካሬ ሜትር በላት። አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ቢጥል 300 ሊትር ነው፤ ሦስት ኩንታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ሐምሌም ነሐሴም እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያወርዳሉ። በአንድ ወር ብቻ ከአሥር በርሜል በላይ ውሃ ጀልባህ ላይ ያርፋል። ባሌስትራው ለምን ተሰበረ ብለህ ዘበኛውን አትቆጣ።

የጎዳህ ግን ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የቆመችበት መሬት ነው። የእናንተ ሰፈርና የአቃቂ ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል። አንዱ ጎማ ትንሽ ይገባል። ጎማው ሲገባ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ስታዘነብል ውስጧ ያለው ውሃ ወደዚያው ይሄዳል፤ ያኔ ጎማው የባሰ ይገባል። አምና የሆነው ይኼው ነው። ስለዚህ ከሸራው በፊት ገረጋንቲ! የላይኛውን ዋልካ አንድ ክንድ ያህል ጠርገህ አውጣ፣ ገረጋንቲ ሙላ፣ ጠቅጥቀው፣ ዙሪያውን ቦይ ቅደድለት። አሁኑኑ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ። ሰኔ ከገባ ገረጋንቲውን ያመጣው መኪናም እዚያው ይቀራል።

ከዚያ ተጎታቹን በክሪክ አንስተህ ከሻንሲው ስር ወፍራም ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጥ። ብሎኬት እንዳታደርግ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ሸክም አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ሳይናገር ይፈርሳል። አፍንጫዋን ቀና አድርጋት፣ ውሃው ወደ ኋላ ወደ ቡሹ እንዲሄድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አፍንጫዋ ሲነሳ ኋላዋ ይወርዳል፤ ሞተሩንም ቀጥ አድርገን ማቆም ስለምንፈልግ እግሩ ጭቃው ውስጥ ይተከላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለንተናዋን ከፍ አድርግ፣ አፍንጫዋን ከዚያ በኋላ። በሞተሩ እግርና በመሬቱ መሐል አንድ ስንዝር ይኑር።

ቡሹን ክፈት። ደጅ ያለች ጀልባ ቡሿ ተዘግቶ አያድርም። ቀዳዳው ላይ የሻይ ማጥለያ ቁራጭ አድርግበት፤ አለዚያ ቅጠልና በረዶ ተሰብስቦ ይደፍነዋል። አሸንዳ እንዴት እንደሚደፈን አይተህ የለ! የወለቀውን ቡሽ ደግሞ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰረው። መስከረም ላይ ቡሽ ረስቶ ሐይቅ የገባ ሰው ስንቱን ጎትቻለሁ።

ሞተሩን አታውርደው፣ ለሦስት ወር ብለህ ወገብህን አትቁረጥ። ግን እንዲሁ አይተኛም። በንጹሕ ውሃ እያጠብከው አሠራው። ያለ ውሃ ለደቂቃም እንዳታስነሳው፤ ውስጡ ያለው የውሃ ፓምፕ ጎማ ይቃጠላል። እየሠራ ሳለ የቤንዚኑን ቱቦ ንቀል፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጠጥቶ ራሱ ይጠፋል። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አንጠባጥብ፣ በእጅህ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙረው፣ መልሰህ ግጠም። ከታች የማርሽ ዘይቱን አፍስሰህ እየው። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ለውጠህ እደር። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ግን ውሃ ገብቷል።


አቃቂ ነኝ
ግንቦት 19

ባለቤትህ ከበለጠችህ ጀልባዋን ስንት ትላታለህ? ባሌስትራውን ቀንሰን እናውራ።


ጣና ዳር
ግንቦት 20

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ስለ ሞተር አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልበል። አያቴ የደንገል ታንኳ ነበረው። ከሐይቅ ሲመለስ ውሃ ላይ ትቶት አይገባም፤ ጎትቶ አውጥቶ ያቆመዋል፣ ነፋስ ይገባዋል፣ ይደርቃል። ደንገል ውሃ ከጠገበ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ያንተ ፋይበርግላስ አይበሰብስም፤ ምንጣፉ፣ የመቀመጫው ስፖንጅና ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳሉ። አምና ዙሪያዋን ጠፍረህ ማሰርህ ነው ያስደነገጠኝ። እሱ መሸፈን ሳይሆን መቀቀል ነው። ከፊትም ከኋላም አየር ማስገቢያ ተውላት። መቀመጫዎቹን አውጥተህ ቤት አስገባ፤ ባለቤትህን እኔ ይቅርታ እጠይቅልሃለሁ።


የዋልካው ካፒቴን
ግንቦት 23

ጋሼ ኩሽኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን ይዤ ዛሬ የማርሽ ዘይቱን ፈታሁት። ማኪያቶ ነው። ያውም ወተት የበዛበት። ምን ላድርግ?

ጣና ዳር፣ እህቴ፣ መቀመጫዎቹ ሳሎን ናቸው። ይቅርታውን ቶሎ ጠይቂልኝ።

አቃቂ ነኝ፣ አትሸጥም።


ጋሼ ኩሽኔታ
ግንቦት 23

አይዞህ። እንኳን አሁን አየኸው። ፕሮፔለሩን አውልቅና ዘንጉ ላይ እይ፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ታገኛለህ። እሱ ነው ውሃ የሚከለክለውን ጎማ የሚበላው። ክሩን አውጣ፣ ጎማውን አስለውጥ፣ ዘይቱን አዲስ አድርግ። ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ እየገፋህ ሙላ፤ በላይኛው ሲፈስ ሞልቷል። ከላይ ከሞላኸው አየር ይታፈናል። እንዲሁ ብትተወው ኖሮ መስከረም ላይ የዛገ ማርሽ ነበር የምትፈታው።

የተጎታቹን ኩሽኔታም ፈትተህ አጥበህ አዲስ ግሪስ ሙላው። ጭቃ ውስጥ ከርሟል።


ሸራ ሰፊ
ግንቦት 24

ስለ ሸራው ዓይነት ማንም ስላልተናገረ እኔ ልግባ። ያ ሰማያዊ ላስቲክ ለአንድ ሠርግ ድንኳን ይሆናል እንጂ ለክረምት አይሆንም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ የደረቀውን በረዶ ይበሳዋል። መርካቶ ሸራ ተራ ሂድና ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ ጠይቅ። የተጣፈ ቢሆንም ግድ የለም፤ የተጣፈው ቦታ ወደ ጎን እንዲወርድ ብቻ አድርገህ አልብሳት። ለጣራው አጣና ይበቃሃል፤ ቅርፊቱን ላጠውና ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሸራውን እንዳይበላው።

በገመድ አትወጥረው። የድሮ ከመነዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) በቀጭኑ ቅደድና በእሱ እሰር። ነፋስ ሲመጣ ይሳባል፣ ይመለሳል። ገመድ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሸራው ነው የሚሰጠው።


የዋልካው ካፒቴን
መስከረም 21

እንኳን አደረሳችሁ። ክረምቱን እንዴት እንደወጣች ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ጋሼ ያሉት ክር ነበር። እንደ ድር ተጠምጥሞ ዘንጉ ላይ ቀልጧል። ጎማውን አስለወጥኩ። ገረጋንቲውን ግንቦት መጨረሻ ላይ አስገባሁ፤ ሁለተኛው መኪና እንደ ትንቢትዎ በር ላይ ተይዞ በጎረቤት ተገፍቶ ነው የወጣው። ጣራዋ ከአምስት አጣና ተሠራ። ሐምሌ ላይ አንድ ማክሰኞ በረዶው ግቢውን ነጭ አደረገው። ከመስኮት ቆሜ ስመለከት ሸራው ላይ እየነጠረ ይወርዳል እንጂ አንድም አልቀረም። የሻይ ማጥለያውን ዘበኛችን በየሳምንቱ ይጠርጉት ነበር፤ «ሻይዋ ፈላች ወይ?» እያሉ።

ያልጠበቅነው አይጥ ነው። ጣና ዳር ያለችው አየር ማስገቢያ ለእሱም በር ሆነለት። የቤንዚኑን ቱቦ ሁለት ቦታ በልቶታል። ከጃኬቶቹ አንዱን ደግሞ ጎጆ አድርጎ ወልዶበታል፤ የዘንድሮዋ እንቁራሪት እሱ ነው። ቱቦውን ለወጥኩ። ለከርሞ ቀዳዳዎቹ ላይ የዶሮ ሽቦ አደርጋለሁ።

ትናንት የውሃ ጎማ ከሞተሩ ጋር አገናኝቼ አስነሳሁት። የመጀመሪያው ምንም። በሁለተኛው ሳል። በሦስተኛው ተነሳ፤ ዘይቱን እያቃጠለ ግቢውን በጭስ ሞላው፤ ባለቤቴ ልብስ አስጥታ ነበር። ቅዳሜ ላንጋኖ እንወርዳለን። ቡሹ ከቁልፉ ጋር ታስሮ ኪሴ ውስጥ ነው።