መርከቡ ሒሳባችንን በፓውንድ ሲመነዝርልን፦ ይከልከል ወይስ ይተው?

የብሪክስተኑ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆች ጋር ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይን፣ ጄኖዋንና ናፖሊን የሚያዞር የ7 ሌሊት የመርከብ ሽርሽር (ክሩዝ) ሄደን መጣን። መርከቡ ላይ ዋጋው ሁሉ በዶላር ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። የክፍልህን ካርድ ታስነካለህ፣ ሒሳቡ ይከማቻል፣ በመጨረሻው ሌሊት ካስመዘገብከው የባንክ ካርድ ይቆረጣል። መጠጡ፣ ኢንተርኔቱ፣ የናፖሊ ጉብኝቱ፣ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚደመረው ቲፕ፣ ሁሉም ተደማምሮ 1,840 ዶላር መጣ። እሱ ይሁን፣ በላን ጠጣን። የእንግሊዝ ካርዴ ላይ የወረደው ግን 1,507 ፓውንድ ነው። ያን ቀን 1 ፓውንድ 1.27 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ብታሰሉት 1,449 ነው። 58 ፓውንድ የት ገባ? ለካ መርከቡ ራሱ ወደ ፓውንድ መንዝሮ ቆርጦታል። ማን ጠየቃቸው? እኔ ይህ ነገር በሕግ ይከልከል ባይ ነኝ። እናንተስ?

የክሮይደኗ ነርስ፦ እንኳን በሰላም ገባችሁ። እኔም ባለፈው ዓመት ገጥሞኝ ነበር፣ ግን በ2ኛው ቀን ነቃሁ። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄጄ «በዶላር ቁረጡ፣ ምንዛሬውን ለባንኬ ተዉት» አልኳቸው። አንዲት ወረቀት አስፈረሙኝ፣ አለቀ። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ብትሄድ ግን «ይቅርታ» ብቻ ነው። የመጨረሻውን ቀን ሰልፍ ደግሞ አይተኸዋል። የቀበሌ ሰልፍ ይሻላል።

ሒሳብ ያዡ፦ ነገሩ ዳይናሚክ ከረንሲ ከንቨርዥን ይባላል። በዶላር ከከፈልክ ምንዛሬውን የሚሠሩት የካርድ ኩባንያዎቹ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ናቸው። ተመናቸው ከገበያው ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ ባንክህ የራሱን ይጨምራል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ካርዶች 3 በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ፣ ምንም የማያስከፍሉም አሉ። በፓውንድ ከከፈልክ ደግሞ የሚመነዝረው ነጋዴው የተዋዋለው ድርጅት ነው። ተመኑ ላይ ጭማሪ ያደርግና ትርፉን ከነጋዴው ጋር ይካፈላል። ስለዚህ «እናግዝህ» ሲሉ በነጻ አይደለም። ያንተን ሳሰላው ጭማሪው 4 በመቶ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያስመዘገብከው ካርድ ለውጭ ክፍያ ያስከፍላል?

የብሪክስተኑ፦ የድሮው የባንክ ካርዴ ነው። 2.99 በመቶ።

ሒሳብ ያዡ፦ እንግዲያው የጠፋብህ 58 አይደለም። በዶላር ቢቆረጥ ኖሮ ባንክህ 43 ፓውንድ ይወስድብህ ነበር። ድምሩ 1,492 ይሆናል። ልዩነቱ 15 ፓውንድ ነው። የቀረው ገንዘብ ወይ መርከቡ ኪስ ወይ ባንክህ ኪስ መግባቱ አይቀርም ነበር። ሕግ እስኪወጣ ከመጠበቅ ካርድ መቀየር ይቀላል። ነጻውን ካርድ ይዘህ በዶላር ብትከፍል ያኔ 58ቱም ኪስህ ይቀራል።

ጋሼ መርካቶ፦ ልጆቼ፣ እኔ 70 ሊሞላኝ ነው። ስንት እንደሚቆረጥብኝ በፓውንድ ሳየው ልቤ ያርፋል። ለዚያ 15ም 50ም ብከፍል አይቆጨኝም። በጁን 2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ የተባለበት የብሬግዚት ድምፅ በተቆጠረበት ሌሊት ፓውንድ ከ1.50 ዶላር ወደ 1.32 ሲንሸራተት ተኝቼ አላደርኩም። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ 1.03 ደረሰ። ባሕር ላይ እያለሁ እንዲህ ቢመጣብኝስ? ይከልከል የምትሉት የኔን ምርጫ ነው።

የክሮይደኗ ነርስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። መርከቡ የሚመነዝረው ሒሳቡ በሚዘጋበት ቀን ተመን ነው። ፓውንድ ማክሰኞ ቢወድቅ የቅዳሜው ሒሳብዎ የሚሠራው በወደቀው ተመን ነው፣ 4 በመቶዋ ደግሞ ከላይ ትጨመራለች። ከመውደቅ አላዳነዎትም ማለት ነው። እሱን ከፈሩ ከመሳፈርዎ በፊት የሚከፈለውን ቀድመው መክፈል ነው። ወይም ብዙ ዓይነት ገንዘብ በሚይዝ ካርድ ላይ ዶላሩን አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ።

ጋሼ መርካቶ፦ አንቺ ልጅ፣ ይህንን አላሰብኩትም። ቁጥሩን በፓውንድ ማየት ግን አሁንም እወዳለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ከአሜሪካ ልግባ። የኔ መርከብ ሒሳቡ በዩሮ ነበር፣ ካርዴ የዶላር። በዶላር ይቆረጥ አልኩ፣ አገሬ ገንዘብ ነው ብዬ። መርከቡ ጭማሪውን በላ። ባንኬ ደግሞ ነጋዴው የውጭ ነው ብሎ 3 በመቶ ደገመኝ። ዶላር በዶላር እየከፈልኩ! ብደውል «ክፍያው የመጣው ከውጭ ነው» አሉኝ። ውላቸው ላይ ተጽፏል። እና ሒሳብ ያዡ፣ «ወይ መርከቡ ወይ ባንኩ» ያልከው ሁልጊዜ አይሠራም። እኔን ሁለቱም በልተውኛል።

ሒሳብ ያዡ፦ እውነት ነው። የእናንተ አገር ካርዶች ላይ ያ አለ።

የካሳንቺስ ልጅ፦ እኛ እኮ በሁለት ተመን ያደግን ሕዝብ ነን። አንዱ ባንክ ቤት፣ አንዱ ጆሮ ላይ። ብሩ በገበያ ይወሰን እስከተባለበት እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ስንቱን አስልተናል? አሁን አንድ መርከብ ይሸውደን?

የብራሰልሷ፦ እኔ በመሐል ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት መከልከሉን ትቶ ማሳወቁን ነው የመረጠው። ከኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቲኤምም ሆነ ሱቅ «ልመንዝርልህ» ሲል፣ ዋጋው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ መንገር አለበት። ፕራግ ላይ አንድ ኤቲኤም በአገሩ ገንዘብ በኮሩና ላወጣ ስል «በዩሮ ይሁን?» አለኝ። ከሥሩ ከ10 በመቶ በላይ ጭማሪ ተጽፏል። እጄ ራሱ ተሰበሰበ። ያ ቁጥር ባይኖር «አዎ» የሚለውን ነበር የምጫነው፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነበራ። ችግሩ መርከብ ላይ ነው። ሕጉ ያተኮረው በኅብረቱ አገሮች ገንዘቦች ላይ ነው። የባሐማስ ባንዲራ የሰቀለ መርከብ፣ ሒሳቡ በዶላር፣ ካርዱ የእንግሊዝ። ማንን ይዘህ ትከራከራለህ?

የብሪክስተኑ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ደግሞ የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ደንበኛው ተጠይቆ ይምረጥ ይላል። መጀመሪያ መንዝረህ «ካልፈለግክ መጥተህ ተቃወም» ማለት መጠየቅ ነው እንዴ? ሠርግ ቤት ሳህንህ ላይ ቁርጥ ከምረው «ካልፈለግክ መልስ» እንደማለት ነው። ስንቱ ይመልሳል?

ሒሳብ ያዡ፦ ከመሳፈርህ በፊት ኦንላይን ካርድህን መዝግበሃል አይደል? እዚያ ላይ የፈረምከው ነገር ይኖራል። እስቲ ፈልገው።

የብሪክስተኑ፦ ማታ አያለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እስከዚያ አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡን ብቻ አትዩት። ናፖሊ ወርዳችሁ ፒዛ ስትበሉ የካርድ ማሽኑ ላይም ያው ጥያቄ ይመጣል። አስተናጋጁ አንዳንዴ ራሱ ተጭኖ ነው የሚሰጣችሁ። እኔ አሁን ማሽኑን ሳላይ ካርድ አላስነካም። በፓውንድ ወይ በዶላር ከጻፈ «በዩሮ ድገመው» እላለሁ። ይደግሙታል።

የካሳንቺስ ልጅ፦ አንዳንድ የስልክ ባንኮችም ቅዳሜና እሁድ ተመናቸው ላይ ይጨምራሉ። ሒሳቡ የሚዘጋው ደግሞ በሰንበት ከሆነ አስቡት።

የብሪክስተኑ፦ አገኘሁት። ከመሳፈራችን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። «ሒሳቤ በካርዴ የገንዘብ ዓይነት እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» ይላል። ሳጥኗ ላይ ምልክት አለ። እኔ ልጫነው፣ ተጭኖ ይጠብቀኝ፣ ምንም አላስታውስም። ባለቤቴ ግን «ቡናህን እየጠጣህ ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል ስትል አይቼሃለሁ» አለች።

ሒሳብ ያዡ፦ 😂 እንግዲህ ተጠይቀሃል።

የብራሰልሷ፦ ቆይ ቆይ። ስንት በመቶ እንደሚጨምሩ ተጽፏል?

የብሪክስተኑ፦ «በተመኑ ላይ ጭማሪ ሊኖር ይችላል» ነው የሚለው። ቁጥር የለም።

የብራሰልሷ፦ ይኸው! ዋጋ ሳይጠራ ነው ያስማሙህ። መርካቶ ውስጥ እንኳን ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ዋጋ ይጠራል።

ሒሳብ ያዡ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። መቶኛው ከሳጥኑ አጠገብ መጻፍ አለበት፣ ሳጥኑም ባዶ ሆኖ ይምጣ። ይከልከል የሚለውን ግን አሁንም አልደግፍም። እንደ ጋሼ ያለ ሰው አውቆ ከመረጠ ይክፈል።

የብሪክስተኑ፦ እኔ አልተለወጥኩም። አውቆ የሚመርጠውን አንድ ሰው ለማስደሰት ሳያውቅ የሚቆረጥበት መርከብ ሙሉ ሕዝብ አለ። ካርዱን ግን ነገ እቀይራለሁ።

ጋሼ መርካቶ፦ እኔም ለኖቬምበር የካናሪ ደሴቶችን ይዣለሁ። ነርሷ ልጄ፣ ያቺ ወረቀት የምትፈረመው በ2ኛው ቀን ነው አልሽ?

የክሮይደኗ ነርስ፦ በ1ኛውም ይሆናል ጋሼ። ሻንጣዎን አስቀምጠው ቀጥታ ይውረዱ፣ ሰልፍ አይኖርም።