ከቦንጋ ጫካ የተገኘች እንቁራሪት፦ አዲስ ዝርያ ለማለት ምን ይበቃል?

ጥያቄ
ሰላም። ቦንጋ አካባቢ፣ ጫካ ውስጥ ባለ ረግረግ ዳር 18 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ቀጫጭን እንቁራሪቶች አሉ። የ16ኤስ ዘረመላቸው ጂንባንክ (የዘረመል መረጃ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ካለው የቅርብ ዘመዳቸው በ4 በመቶ ይለያል። ይህን ይዞ አዲስ ዝርያ ነው ማለት ይቻላል? የመስክ ፈቃዱ በእጅ አለ፤ ክረምቱ ሳያልፍ ምን መሰብሰብ አለበት?

መልስ 1
4 በመቶ ጥሩ ጥቆማ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። 16ኤስ ከእናት ብቻ የሚወረስ የሚቶኮንድሪያ ዘረመል ነው፤ በሸለቆ ተለያይተው የኖሩ የአንድ ዝርያ እንቁራሪቶችም ይህን ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ሁለት ሦስት የኑክሊየስ ዘረመሎች (ከእናትም ከአባትም የሚወረሱትን) ይጨምሩበት። ድምፁና የአካል ልኬቱም ከዚያ ጋር ከገጠሙ ክርክሩ ይጸናል።
አዋቂ መሆናቸውንም ያረጋግጡ፦ ወንዱ የድምፅ ከረጢት፣ ሴቷ በሆዷ ዕንቁላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቢታ ተራራ ላይ ተገኝታ በ2019 የተሰየመችው እንቁራሪት፣ ፍራይኖባትራከስ ቢቢታ፣ ወንዱ 17፣ ሴቷ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። እሷም ቀጭን፣ ጣተ ረጅም ናትና ከሁሉ በፊት ከእሷ ጋር ያወዳድሩ።

መልስ 2
ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ ድምፅ፦ ከ1 ሜትር ያህል ርቀት በዌቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዝ) ይቅዱ፤ ኤምፒ3 የድምፁን ዝርዝር ይቆርጣል። የአየሩን ሙቀት ወዲያው ይመዝግቡ፤ ሲሞቅ ጥሪው ስለሚፈጥን ያለ ሙቀት ልኬት ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። የያዙት ወንድ ያንኑ የቀዱት ይሁን።
ከዚያ በሕይወት እያለች ጀርባዋን፣ ሆዷንና የጭኗን ውስጥ ፎቶ ያንሱ፤ ቀለሙ አልኮል ውስጥ ይጠፋል። በቤንዞካይን ካደነዘዙና ከሞተች በኋላ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጉበት ወስደው 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይክተቱ። ይህ ከፎርማሊን (አካሉን ከመበስበስ ከሚጠብቀው ፈሳሽ) በፊት ነው፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። አካሉን ጣቶቹ ተዘርግተው በጠፍጣፋ ሳህን ላይ በ10 በመቶ ፎርማሊን (አንድ እጅ ፎርማሊን፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ) ለ24 ሰዓት ያቆዩ፤ ከተጣጠፈ ጣት አይለካም። በውኃ አጥበው ወደ 70 በመቶ አልኮል ያዛውሩ። ለእያንዳንዷ አዲስ ጓንት፤ ቺትሪድ ፈንገስ (እንቁራሪቶችን የሚገድል የቆዳ በሽታ አምጪ) በእጅ ይተላለፋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ስሙን ከማውጣት በፊትስ?

መልስ 3
ስም ቀድሞ ተሰጥቷት እንዳይሆን! ፕቲካዴና የሚባሉት የኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ለዓመታት የተምታቱት እ.ኤ.አ. በ1924 የተሰየሙት የመጀመሪያ ናሙናዎች ከየትኛው ቡድን እንደሆኑ ስላልታወቀ ነበር። ከእነዚያ አሮጌ ናሙናዎች ዲኤንኤ ወጥቶ ነገሩ ሲጠራ ነው በ2021 አራት አዳዲስ ዝርያዎች የተሰየሙት። ስለዚህ የቅርብ ዘመዶቿን ሁሉ የመሠረት ናሙና (ስሙ መጀመሪያ የተሰጠበትን) ይፈትሹ። የራስዎን ሆሎታይፕ (አዲሱ ስም የሚታሰርበትን አንድ ናሙና) ሙዚየም ያስገቡ፤ ጽሑፉ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ የዙባንክ (የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች መዝገብ) ምዝገባ ከሌለው ስሙ አይጸድቅም።