ለኮራል አኳሪየም በቤት የቀላቀልኩት ካርበን ጠላ ጠላ ሸተተ፤ ልድፋው?

ጠያቂ፦ የቨርጂኒያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። 280 ሊትር የሚይዝ የኮራል አኳሪየም አለኝ። ናይትሬቱ (ከዓሦቹ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚመጣው ቆሻሻ) በሊትር 40 ሚሊ ግራም ላይ ቆሞ አልወርድ ሲለኝ፣ እሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እንዲባዙ ካርበን መስጠት ጀመርኩ። ለካርበኑ ቮድካ፣ ነጭ አቼቶና ስኳር በአርኦ ውሃ (በማጣሪያ በጠራ ውሃ) አቅጥኜ 2 ሊትር በጥብጬ ነበር፤ ፓምፑ በየቀኑ ጠብ ጠብ ያደርግልኛል። ናይትሬቱም 12 ገብቶልኛል። ትናንት፣ በሦስተኛ ወሩ፣ ክዳኑን ስከፍት ጭስስ አለ። ሽታው ጠላ ነው። ከታች ነጭ ዝልግልግ ነገር ተኝቷል፣ ቱቦውም ተደፍኗል። አጥልዬ ልጠቀምበት? አዲሱንስ እንዴት ባስቀምጠው ይቆያል?

መልስ፦ ከሐይፋ
እህቴ፣ ድፊው። ዝልግልጉን ብታጠይውም እርሾውና ባክቴሪያው ፈሳሹ ውስጥ አሉ። ስኳሩን ሲበሉት ስለከረሙ ምን ያህል ካርበን እንደቀረ ማወቅ አትችዪም፤ መጠኑን የማታውቂውን ነገር ደግሞ ኮራል ላይ አይሞክሩም።
ያበላሸብሽ ስኳሩና ውሃው ነው። 40 በመቶ ቮድካ ሳይቀጥን ክዳኑ ከተገጠመ ዓመታት ይቀመጣል፣ 5 በመቶ አቼቶም እንዲሁ። ሲቀጥኑ ግን ጉልበታቸው ያልቃል። ቀጭን አልኮል አየር ካገኘ ወደ አቼቶ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ይገቡበታል፤ ነጩ ነገር የእነሱ ሥራ ይመስለኛል። ጠላ ከርሞ ሲሆምጥ አይተሽ የለ?

መልስ፦ የዱባዩ
እኔ አቼቶ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ሳላቀጥን። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ 1 ሚሊ ሊትር ቮድካ ያለውን ካርበን ለማግኘት 8 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ ያስፈልጋል። ብዛቱ አያስደንግጥሽ፤ እንዲያውም ለፓምፕ ይመቻል፣ ትንሽ ቢሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ውሃውን ለጊዜው አሲድ ስለሚያደርገው ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን ከፋፍለሽ ስጪ። ዕቃው ብርጭቆ ወይም የምግብ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ክዳን አቼቶ ይበላዋል። መብራት አጠገብ አታስቀምጪው፣ እዚያ ይሞቃል።

መልስ፦ ጋሽ ኮራል
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦሽ መቼ እንደተደፈነ አታውቂም፤ ምናልባት ሳምንት ሙሉ ካርበን አልገባም ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን በድሮው መጠን እንዳትጀምሪ። እኔ ቱቦ ቀይሬ በሙሉ መጠን ከፍቼ አደርኩ። ጠዋት ውሃው እንደ አጥሚት ነጭ ሆኖ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲተነፍሱ አገኘኋቸው። ባክቴሪያው ድንገት ሲፈላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ስኪመሩን (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) በሙሉ ኃይል አሠርቼ፣ የአየር ድንጋይ ጨምሬ ነው ያተረፍኳቸው። አንድ ኮራል ግን ነጭ ሆኖ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።
ናይትሬቱንም ዜሮ እንዳታስገቢው፣ 5 አካባቢ ሲደርስ ያዥው። ጠርሙሱ ላይም ምን እንዳለበት በትልቁ ጻፊ፤ ቮድካም አቼቶም ለሕፃን ዓይን ውሃ ናቸው።

ጠያቂ፦ የቨርጂኒያዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ ስለ ኮራልዎ አዘንኩ። ደፋሁት። ቱቦውን ቀየርኩ፣ ከአሮጌው ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው ዝልግልግ ተጎልጉሎ ወጣ። ዛሬ በ10 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጀመርኩ፣ አምስት ቦታ ተከፋፍሎ በቀን ብቻ። እሑድ ናይትሬቱን ለክቼ እጽፋለሁ።