አክስቴ የሰራተኛዋን ደሞዝ "እኔ ጋር ይጠራቀምልሽ" ብላ ይዛዋለች፣ ምን ላድርግ?

ሳሪስ_አቦ፦
ሰላም ቤቶች። ትንሽ ይረዝማል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አክስቴ ቤት የምትሰራ ልጅ አለች፣ ከጎጃም ገጠር በደላላ ነው የመጣችው፣ እድሜሽ ስንት ነው ስትባል 18 ትላለች እኔ ግን 16 ከሞላት ትልቅ ነገር ነው። ስትገባ በወር 3000 ብር ተባለ፣ ከዛ አክስቴ "ልጅ ነሽ ታባክኚዋለሽ፣ እኔ ጋር ይጠራቀምልሽና አገርሽ ስትሄጂ ባንዴ ትወስጂዋለሽ" አለቻት፣ እሷም እሺ አለች፣ ምን ትበል። ይኸው ዓመት አልፏታል አንድም ወር እጇ ላይ ብር አልገባም። ለፋሲካ ቀሚስ ተገዝቶላታል፣ አንዴ ታማ ክሊኒክ ተወስዳለች፣ ሁሉም ደብተር ላይ ተፅፎባታል።

አሁን እናቷ ታማለች ተብሎ ተደወለ (የራሷን ስልክ "ወንድ ታመጣብኛለች" ተብሎ ስለተወሰደባት ሚደወለው በአክስቴ ስልክ ነው)። ልጅቷ ገንዘቤን ስጡኝና ልሂድ ስትል አክስቴ ደብተሩን አውጥታ የቀሚሱን፣ የክሊኒኩን፣ ለደላላ የከፈለችውን፣ የተቃጠለውን ጁስ መፍጫ ሁሉ ደምራ ቀነሰችባት፣ የቀረውን ደሞ "ሌላ ሰው እስካገኝ ጠብቂ" አለቻት። ልጅቷ ማድቤት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት።

አክስቴ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ እኔን እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሰፈር ውስጥ ሀዘን ሲኖር ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ልጅቷንም "እንደ ልጄ ነው የማያት" ትላለች ከልቧ ነው ምትለው። ግን የራሷ ልጅ ማታ 3 ሰዓት ተኝታ ይቺ እስከ 6 ሰዓት እቃ ታጥባለች፣ ንጋት 11 ሰዓት ደሞ ለቁርስ ትነሳለች። ህግ አለ ወይ? ደሞ አክስቴን ሳላስቀይማት እንዴት ብዬ ልንገራት? እባካችሁ ቶሎ።

አባወራ፦
እህቴ ስሜትሽ ይገባኛል ግን የአሰሪውንም ጎን እዩት። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሰራተኛ ነን፣ ልጅ ጥላብን የጠፋች አለች፣ የስምንት ወር ህፃን ብቻውን በር ተቆልፎበት እያለቀሰ ጎረቤት ነው የደረሰለት። ችግሩ ደላላው ነው ባይ ነኝ፣ በየቤቱ ባስገባ ቁጥር ኮሚሽን ስለሚያገኝ ሁለት ሶስት ወር ሳይሞላት ይደውልላትና "500 ብር የሚጨምር ቤት አለ ውጪ" ይላታል። ተያዥ ተብሎ የመጣው ሰውም ስትፈልጊው ስልኩን አያነሳም። ስለዚ ሰው የአንድ ሁለት ወር ደሞዝ ቢይዝ በክፋት ሳይሆን በፍርሀት ነው። ዓመት ሙሉ መያዝ ግን እሱ በዝቷል እኔም አልደግፍም።

የማታ_ተማሪ፦
ይሄን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምክንያቱም እኔ ይቺን ልጅ ነበርኩ። ከወሎ በ14 ዓመቴ ነው የመጣሁት፣ የመጀመሪያ ቤቴ ደሞዜን ሲይዙብኝ እኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ ባንክ የሆነችልኝ ነው የመሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ደሞዝሽ እነሱ ጋር ካለ በቃ መውጣት አትችዪም። ቢሰድቡሽ ችለሽ ትቀመጫለሽ፣ ቢመቱሽ ችለሽ ትቀመጫለሽ፣ ምክንያቱም ከወጣሽ የሰራሽው ሁሉ ቀረ ማለት ነው። እዛ ቤት አንድ ጎረምሳ ልጅ ነበራቸው፣ ማታ ማታ ማድቤት እየመጣ ያስቸግረኝ ነበር፣ የምተኛው መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ነው፣ በሩ መቆለፊያ የለውም። ለማን ልናገር? ለእትዬ ብነግራት ልጄን ስም አጠፋሽ ብላ ታባርረኛለች ገንዘቡም ይቀራል። እና ዝም። ስንት ልጅ በዚ ምክንያት ዝም ብላ አርግዛ እንደምትባረር እናንተ አታውቁትም እኛ እናውቀዋለን፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ግቢ ስንገናኝ የምናወራው እሱን ነበር፣ መውጣት ለተፈቀደልን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ቤቴ ሲኤምሲ አካባቢ ነበር። ሴትየዋ ሀብታም አልነበረችም፣ ደሞዙም ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም። ግን ወር በገባ በ1 በእጄ ትሰጠኛለች፣ ሁለታችንም ደብተር ላይ እንፈርማለን፣ እሁድ ከሰዓት የኔ ነው፣ ማታ ራት አቅርቤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ እቃውን ራሳቸው ያጥባሉ። አራት ዓመት ቆየሁ! ደላላው ስንቴ ደውሎ በጭማሪ ሊያስወጣኝ ሞክሯል፣ አልወጣሁም። አባወራ ወንድሜ፣ ለልጅህ አዝኛለሁ ህፃን ጥሎ መሄድ ትክክል ነው አልልም፣ ግን ፍርሀትህን የሚያጠፋልህ ደሞዝ መያዝ አይደለም። የተያዘባት ልጅ ናት አንድ ቀን ተስፋ ስትቆርጥ ቻው እንኳን ሳትል የምትጠፋው።

ሳሪስ አቦ እህቴ፣ "እንደ ልጄ" የሚለውን እኔም ብዙ ሰምቼዋለሁ። ልጅ ከሆነች ትማር። ሰራተኛ ከሆነች ይከፈላት። ሁለቱንም ሳይሆኑ ማደር ነው የሚያመው።

ልደታ_ችሎት፦
ስለ ህጉ የማውቀውን ልበል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ማለትም የቤት ሰራተኛን አይሸፍንም፣ አንቀፅ 3 ላይ ከተፈፃሚነቱ ውጪ አድርጓታል። ስለዚ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ ምናምን የሚለው ለሷ አይሰራም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለነሱ ደንብ ያወጣል የሚል ነገር በ1996ቱ አዋጅ (377) ተፃፈ፣ በ2011ዱም ተደገመ። አገር ምድሩን ቤት የሚያበስሉና የሚያፀዱ ሴቶች በ"ደንብ ይወጣል" ነው የታለፉት፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ግን ህግ የለም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ አሰሪው ቤት እየኖረ የሚሰራን ሰው ይመለከታል፣ አሰሪው በማደሪያ፣ በምግብ፣ በስራና በእረፍት ሰዓት በኩል ጤናዋንና ሞራሏን መጠበቅ አለበት ይላል። የተስማሙበት ደሞዝ ደሞ በቃል ቢሆንም ውል ነው፣ በመደበኛ ፍርድ ቤት ይጠየቃል። ለደላላ የተከፈለውን እሷ ላይ መቀነስ ካልተስማማች በስተቀር ምንም መሰረት የለውም፣ "ሰው እስካገኝ ጠብቂ" ብሎ ደሞዝ ይዞ ማስቀረት ደሞ ከዛ የከፋ ነው፣ ህገመንግስቱ አንቀፅ 18 ማንም ሰው በግዴታ እንዲሰራ አይደረግም ይላል። 16 ከሆነች ገና ህፃን ናት፣ አንቀፅ 36ም ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃታል። እምቢ ካሉ ወረዳው ሴቶችና ህፃናት ጋር መሄድ ነው፣ የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበርም ለሴቶች በነፃ ያማክራል።

አንድ ነገር አደራ፣ ያንን ደብተር ፎቶ አንሺው። በአክስትሽ እጅ የተፃፈ ከሆነ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

ቤይሩት_ያለሁት፦
ከሊባኖስ ነው የምፅፈው። እዚ ስንመጣ ማዳሟ የመጀመሪያው ቀን ፓስፖርት ትቀበልና "እኔ ጋር ይቀመጥልሽ" ትላለች። ደሞዝም "እኔ ጋር ይቀመጥልሽ" ነው። በከፋላ ስር፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሰሪሽ ጋር በታሰረበት አሰራር ስር ስለሆንሽ ከቤቷ ከወጣሽ ህገወጥ ነሽ። በ2012 ዓ.ም ዶላር ሲጠፋ ስንቷን ያልተከፈለ ደሞዟን ሳይሰጡ ከነሻንጣዋ ቆንስላው በር ላይ ጥለዋት ሄዱ፣ ዓለም ሁሉ አይቶታል። በ2004 እዚ የቤት ሰራተኛ የነበረችው አለም ደቻሳ እዛው ቆንስላ ፊት ለፊት ስትጎተት ቪዲዮውን አይቶ ያላለቀሰ ሀበሻ የለም። አለቀሳችሁልን እግዜር ይስጣችሁ። ግን ከዛ ቪዲዮ ስር አረብን ሲሳደብ ከነበረው ስንቱ ቤት ውስጥ ስልኳ የተወሰደባት ልጅ አለች? እኔ አዲስ አበባ ሁለት ቤት ሰርቼ ነው የመጣሁት፣ በር ተቆልፎብኝ ማደር የለመድኩት እዛ ነው።

አባወራ፦
@የማታ_ተማሪ የፃፍሽውን ለባለቤቴም አነበብኩላት። አሁን ያለችው ልጅ የአንድ ወር ተይዞባታል፣ ነገ እንሰጣታለን። ደብተር ላይ መፈራረሙን እኛም እንጀምራለን።

ሳሪስ_አቦ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ መጀመሪያ አጎቴን ለብቻው አናገርኩት፣ እሱ እንዳልተከፈላት ጭራሽ አያውቅም ነበር፣ ደነገጠ። ከዛ ሶስታችን ቁጭ አልን። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ "አሳድጌሽ ልትከሺኝ ነው" አለች፣ እኔም አለቀስኩ። እኔ ያልኳት እቴቴ አንቺ ብታርፊ (እግዜር አያርገውና) ልጆችሽ የዚችን ልጅ ገንዘብ ይሰጧታል ወይ፣ እሷስ ለማን ትናገራለች አልኳት። ዝም አለች። የደላላውንና የጁስ መፍጫውን ትቀንሳለች፣ ቀሚሱን ግን "እኔ የገዛሁላት ስጦታ ነው" ብላ ራሷ ሰረዘችው። ክሊኒኩ ላይ አልተስማማንም ገና። ስልኳ ተመልሶላታል። ሀሙስ መናኸሪያ እኔ ነኝ የማደርሳት፣ ግን ያን ሁሉ ብር ይዛ አውቶብስ ላይ መሄዷ አስፈርቶኛል፣ የባንክ ደብተር የላትም።

ልደታ_ችሎት፦
"የደላላውን ትቀንሳለች" ስትዪ ከእዳዋ ላይ ታነሳዋለች ማለትሽ ነው አይደል? ከሆነ ጥሩ። ብሩን በእጇ አታሲዢያት። እናቷ ወይ ታላቅ ወንድሟ ሂሳብ ካላቸው ልጅቷ ራሷ ካመነችበት እዛ ይግባላት፣ ደረሰኙን ለሷ ስጫት፣ ለመንገድ የሚሆናትን ብቻ ትያዝ። የተቀበለችውን ልክና ቀሪ ካለ ስንት እንደሆነ በወረቀት ፅፋችሁ ሁሉም ይፈርም፣ አንድ ኮፒ ከሷ ጋር ይሂድ። ክሊኒኩን በተመለከተ አጎትሽ ይክፈለው በዪው፣ ለሱ ትንሽ ብር ነው።

የማታ_ተማሪ፦
መመለስ ከፈለገች ደሞ ያንን ቤት ብቻ እንዳታስብ ስልክሽን ስጫት። እኔም በውስጥ መስመር ፃፊልኝ፣ ማታ የምትማርበትን ቤት አብረን እንፈልግላታለን።