መብት «አቅም ሲፈቅድ» ነው እንዴ?

ባለዊልቸሩ፦ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተጋባዥ የአካል ጉዳተኞች መብት «አቅም ሲፈቅድ» ይሟላል ሲል ሰማሁ። አቅራቢውም ራሱን ነቅንቆ አለፈው። እንቅልፍ ነሳኝ። የመምረጥ መብትም አቅም ሲፈቅድ ነው? የመማርስ?

ቆጣቢ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ምን አጠፋ? የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ራሱ ቀስ በቀስ ይፈጸማል ይላል እኮ። በአንድ ሌሊት ሁሉም ሕንፃ ሊፍት አይገባለትም።

ጠበቃዋ፦ ግማሹን ነው ያነበብከው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው ስምምነት፣ አንቀጽ 4 ንዑስ 2፣ ቀስ በቀስ የሚለው ለኢኮኖሚ፣ ለማኅበራዊና ለባህላዊ መብቶች ነው። እሱም ያለውን ሀብት እስከ ጥግ መጠቀምን ያስገድዳል። አድልዎን ማስቆም ግን ለነገ አይባልም። ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አንድ ሰው ከሌሎች እኩል እንዲሳተፍ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ፣ መንፈግ ደግሞ በአንቀጽ 2 አድልዎ ተብሏል።

ቆጣቢ፦ እዚያው ላይ ሸክሙ ከልክ እስካላለፈ ድረስ ይላል። እሱን ለምን ዘለልሽው? ሸክም ማለት አቅም ነው።

ጠበቃዋ፦ አልዘለልኩትም። ከልክ ማለፉን ማስረዳት ያለበት እምቢ ያለው ወገን ነው። «አቅም የለም» ብሎ በር መዝጋት ማስረጃ አይሆንም።

ነጭ በትር፦ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ለሥራ ፈተና ተጠርቼ አንባቢ ጠየቅኩ። ለዘንድሮ በጀት አልተያዘም ተባልኩ። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሌሎቹ ወረቀት ሲገልጡ ይሰማኝ ነበር። አንድ አንባቢ፣ ለ2 ሰዓት። ይሄ ነው ከአቅም በላይ የሆነው?

ቆጣቢ፦ ያሳዝናል፣ ተበድለሃል። እኔ ግን የማወራው ስለ ፖሊሲ ነው።

ነጭ በትር፦ ያ ፖሊሲ ነው እኮ ኮሪደር ላይ ያስቀመጠኝ። «ያሳዝናል» አትበለኝ።

እናት ነኝ፦ የቅጥር ኮታ ይውጣ። ጀርመን ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ 5 በመቶውን ቦታ ለከባድ አካል ጉዳተኞች መስጠት አለበት። አለዚያ ይከፍላል።

ባለዊልቸሩ፦ ብዙዎቹ ከፍለው ይገላገላሉ።

እናት ነኝ፦ ከምንም ይሻላል። የልዩ ፍላጎት ልጅ ላለን ሰዎች ተስፋ ነው።

ነጭ በትር፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ልዩ ፍላጎት» የሚለውን ይተዉት። መማርና መሥራት የማን ፍላጎት ያልሆነ ነው?

እናት ነኝ፦ አንተ ቃል ትመርጣለህ፤ እኔ ልጄን አዝዬ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ።

ባለዊልቸሩ፦ ወደ «አቅም ሲፈቅድ» እንመለስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 በአካል ጉዳተኞች ላይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ማስፈጸሚያ ደንቡ 4 ዓመት ሳይፈረም ከረመ። በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው ከ3 ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ። ተፈረመ። በዚያ ወር ካዝናው አልሞላም።

ቆጣቢ፦ ሀብታም አገር አታምጣብኝ። ድሃ መንግሥት ሆስፒታል ይሥራ ወይስ ራምፕ?

ጠበቃዋ፦ ሆስፒታሉን ሲሠራ ራምፑን አብሮ ይሥራ! ገና ሲነደፍ ከገባ ወጪው ትንሽ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ካለቀ በኋላ ማፍረስ ነው። አንቀጽ 4 ንዑስ 3 ደግሞ ፖሊሲ ሲወጣ አካል ጉዳተኞችን በማኅበሮቻቸው በኩል አማክሩ ይላል። ትናንት መድረኩ ላይ አካል ጉዳተኛ ነኝ ያለ አንድ ሰው ሰምታችኋል?

ቆጣቢ፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ መጋበዝ ነበረባቸው። የአቅሙን ነገር ግን አልለቅም።

ነጭ በትር፦ እሺ፣ ቀን ቁረጥልኝ። ፈተናው በየዓመቱ አለ።